ጀርባ የሚከበርበት አገር

በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የሚባለው በሌላ አገር ነው። በእኛ አገር የወደቀ ሰው የሚበዛበት ጀርባ ነው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ነገሩን ከሥሩ ካልጀመርኩ የሊቀ ጀርባ ደርበው ታሪክ የማይገባው ሰው ይኖራል ብዬ ነው።

እኛ ጨዋ ሕዝብ ነን። ሰው ሲያፍር አናይም። ገበናው የወጣበት ሰው ፊት ለፊታችን ካለ ቀልጠፍ ብለን ዞረን ጀርባችንን እንሰጠዋለን፤ እሱም በሰላም አፍሮ ሲጨርስ እንመለሳለን። ጋጋሪ ዳቦው ሲያርርበት ደንበኛው ሁሉ ወደ መንገዱ ዞሮ ይቆማል። ሙሽራ እንቅፋት ሲመታው ሚዜውም አጃቢውም ዘፋኙም ይዞራል። ሌባ እጅ ከፍንጅ ሲያዝ ማፈሩ አይቀርምና ይዞርለታል፤ ስንመለስ ታዲያ እሱም የለም፣ የቀረውም ዕቃ የለም። አንድ ጊዜ የከተማችን ሹም በአደባባይ ሲናገሩ ቃሉ ጠፍቷቸው ሕዝቡ ግማሽ ቀን ዞሮ ቆመላቸው። ከዚያ ወዲህ ሹሙ ንግግር ማጥናት ትተዋል።

ሰው ሲያፍር ቀና ብሎ ያየ ዓይነ ደረቅ ይባላል። ሌላ አገር ይህ ስድብ ብቻ ነው አሉ፤ እኛ ዘንድ ፍርድ ነው። ዓይነ ደረቅ የተባለ ሰው ገበያ ቢወጣ፣ ለቅሶ ቢደርስ፣ ልጁን ቢድር፣ እስኪሞት ድረስ የሚቀበለው የሰው ጀርባ ነው። ስለዚህ ማንም አያይም።

ኮረብታው ላይ ያለው ታላቁ ትምህርት ቤት ደግሞ የጨዋነታችን ቁንጮ ነው። መዞርን ለየሰዉ ሕሊና ሳይተው ራሱን የቻለ ክፍል ያቋቋመለት እሱ ብቻ ነው። የክፍሉ ሹም ሊቀ ጀርባ ይባላሉ። በዚህ ታሪክ ዘመን ሹመቱን የያዙት ደርበው የሚባሉ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሰው ማስቀየም የማይወዱ አዛውንት ነበሩ። ካባቸው የተጠለፈው ከኋላው ነው፤ በእኛ አገር የሹም ካባ ከፊቱ ቢነትብ ማንም አያይበትም። በእጃቸው ትንሽ ቃጭል ይይዛሉ። ቃጭሉ ሲሰማ ሁሉ ይዞራል፤ ደግሞ ሲሰማ ሁሉ ይመለሳል። አዲስ ተማሪ ከሌላው ትምህርት ሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ከእሳቸው ነው፤ በየትኛው ተረከዝ እንደሚዞር፣ ትከሻው እንዴት እንደሚላላ፣ ዓይኑ ወደ ኋላ እንዳይሰርቅ አገጩ የት ላይ እንደሚያርፍ። ሥራቸውን ይወዱታል። ሰውን ከሰው ዓይን ከማዳን በላይ ምን ጽድቅ አለ ይሉ ነበር።

ወደዚህ ትምህርት ቤት ማንአህሎሽ የምትባል ልጅ መጣች። መንደሯ ወንዙ ከታች፣ ቤቱ ከላይ የሆነበት ቆላ ነው፤ ውሃ እንዴት ሽቅብ እንደሚወጣ ተምራ ልትመለስ ነበር ሐሳቧ። ጎበዝ ናት፤ መምህሮቿም ይህን አይክዱም። የሚጥል በሽታ ግን ነበረባት። በእኛ አገር ስሙን መጥራት ነውር ስለሆነ «ያ ነገር» ይባላል፤ እኔ የጠራሁት እንዲገባችሁ ብዬ ነው።

መጀመሪያ የወደቀችው መምህር ጓንጉል ስለ ወንዝ ፏፏቴ ሲያስተምሩ ነው። ደርበው በር ላይ ነበሩና ቃጭሉን መቱ። ክፍሉ ሁሉ እንደ አንድ ሰው ዞረ፤ መምህር ጓንጉልም ጠመኔያቸውን እንደያዙ ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ሲመለሱ ማንአህሎሽ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ምላሷ ተነክሶ፣ አቧራ ለብሳ ብቻዋን ነበረች። መምህሩ ካቆሙበት ቀጠሉ። ያን ቀን ደርበው ቤታቸው ገብተው «ዛሬ አንዲት ልጅ ወድቃ ማንም ሳያያት ተነሣች» ብለው ለባለቤታቸው ሲነግሩ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። የደስታ እንባ ነው።

እንዲህ እየወደቀች፣ እንዲህ እየተዞረላት የመጨረሻው ዓመት ደረሰ። በታላቁ ትምህርት ቤት ትምህርቱን የጨረሰ ተማሪ በመልስ ቀን በከተማው ሕዝብ ፊት መድረክ ላይ ይቆማል። ይጠየቃል፣ ይመልሳል፣ ሲያበቃም «መልሴ ይህ ነው» ይላል። ሕጉ አንድ ነው፤ ፊት ያላየው መልስ አልተሰማም። ከጉባኤው አንድ ፊት እንኳ እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ መላሹን ካየ ይበቃል፤ ሁሉም ጀርባ ከሆነ ግን መልሱ እንዳልተባለ ይቆጠራል። ማንአህሎሽ መልሷን አጋምሳ ወደቀች። ቃጭሉ ተመታ፣ ጉባኤው ዞረ፣ መልሱም አልተሰማም። የመልሱን ሹመት የያዙት ሊቀ መልስ ተገኘወርቅ በሚቀጥለው ዓመት አንድ ዕድል እንዳላት፣ ያም ካልሆነ በክብር ወደ መንደሯ እንደምትሸኝ ነገሯት። ይህንንም የተናገሩት ላለማሳፈር ወደ ግድግዳው ዞረው ነው።

ከኮረብታው ሥር ሐኪም አልጣሽ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ከወንዙ ማዶ የመጡ ስለሆኑ ልማዳችን አልያዛቸውም። ቁስል ያያሉ፣ ጉሮሮ ያያሉ፣ የሚያለቅስ ሰው ፊት ያያሉ። ዓይናቸውን በጨው ያጠቡ ናቸው እየተባሉ ቢታሙም ሁሉም ሲያመው የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው። ማንአህሎሽም ሄደች። ሐኪሟ ብዙ ከመረመሯት በኋላ፣ ሰው የሚወድቅበት መንገድ አንድ እንዳልሆነ፣ ለአንዱ የሚበጀው መድኃኒት የሌላውን ሊያባብስ እንደሚችል አስረዷት።

«አንቺ ስትወድቂ ራስሽን አታውቂም፤ ልትነግሪኝ አትችዪም» አሏት። «ያየሽ አንድ ሰው አምጪልኝ። ከእጅሽ ነው የጀመረው? ፊትሽ ወዴት ዞረ? ምን ያህል ቆየ? ይህን የሚነግረኝ ካገኘሁ መድኃኒቱን እኔ አላጣውም።»

ማንአህሎሽ ደስ ብሏት ወጣች። ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ወድቃ፣ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ወድቃ፣ አንድ ያየ ሰው አጣለሁ ብላ አላሰበችም። አስቀድማ የጠየቀችው አብራት የምትኖረውን ጓደኛዋን በለጡን ነበር። በለጡ ደነገጠች። «ካየሁሽ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብላ ማለች። እንዲያውም አንድ ጊዜ ማንአህሎሽ አጠገቧ ወድቃ ጭንቅላቷ የበለጡን እግር ደጋግሞ ሲመታ እንኳ ቁልቁል እንዳላየች ነገረቻት። ይህን ስትነግራት የጓደኝነቷን ልክ እያሳየቻት ነበርና ማንአህሎሽ አመሰገነቻት። ሌላ ምን ትበል። መምህር ጓንጉል ደግሞ ተቀየሙ፤ በስተርጅና ስሜን ልታጠፊ ነው ወይ ብለው ሁለት ቀን ሰላምታ ነሷት። ሌሎቹም እንደዚሁ ናቸው፤ ጥያቄዋን ሰምቶ ያልማለ የለም።

በመጨረሻ ወደ ሊቀ ጀርባ ደርበው ሄደች። ክፍላቸው ውስጥ የእንግዳ ወንበሮቹ ሁሉ ፊታቸው ወደ ግድግዳ ነው። እሷ አንዱን ሳታዞር ቆማ ጠየቀቻቸው።

«ሊቀ ጀርባ፣ እርስዎ እንኳ አላዩኝም?»

«ልጄ፣ እኔ ካየሁሽ ማን ያከብርሻል?»

«መከበሩንስ ተከብሬያለሁ። ግንባሬን ይዩት።»

ደርበው ወደ መስኮቱ አዩ። ግንባሯ ላይ ያለው ጠባሳ ገበናዋ ስለሆነ ነው።

«አንድ ሰው ነው የምፈልገው» አለች። «አንድ ሰው ካየኝ መድኃኒቱ ይገኛል። መድኃኒቱ ከተገኘ በመልስ ቀን እስከ መጨረሻው ልቆም እችላለሁ። ካልቆምኩ ትሸኙኛላችሁ፤ መንደሬ ደግሞ ውሃ እንጂ ሽኝት አይደለም የሚጠብቀው።»

ደርበው ከልባቸው አዘኑ። በዚያ ኀዘን ነው እንግዲህ ምንም እንዳትሰጋ፣ ዘንድሮ ከአምናው የበለጠ እንደሚዞሩላት ቃል የገቡላት።

ቃላቸውንም ጠበቁ። ተማሪ ዓይኑን ቢገታ ጆሮው ይሰማል ብለው፣ ስትወድቅ የሚመታ ከበሮና ሁለት ከበሮ መቺ አስቀጠሩ። ቀጥሎም ቃጭሉ እስኪመታ ድረስ እኮ ለቅጽበት ትታያለች ተባለና፣ እሷ ባለችበት ክፍል ተማሪው ከመጀመሪያው ጀርባውን ሰጥቶ እንዲቀመጥ ተደረገ። ሰሌዳው ከኋላው ስለሆነበት ተማሪው ሁሉ ትምህርቱን በጆሮው ብቻ ይከታተል ጀመር፤ በፈተና ሲወድቅም ምክንያቱን መናገር እሷን ማሳፈር ስለሆነ ዝም አለ። ዝም ያለው ግን በአፉ ነው። ቂሙን በሆዱ ይዞ ነበር። ከዚያ ደግሞ መንገድ ላይም ልትወድቅ ትችላለች ተባለና ስታልፍ የሚያገኛት ሁሉ ቀድሞ ይዞርላት ጀመር። ምግብ ቤት ትገባለች፤ ጀርባ። ቤተ መጻሕፍት ትገባለች፤ ጀርባ። ለዓይነ ደረቅ በቅጣት የሚሰጠው ለእሷ በክብር ተሰጣት። የሌሎች አገሮች ትምህርት ቤቶች ሳይቀሩ ለደካማ ተማሪ የሚደረገውን ድጋፍ ለመቅሰም መልእክተኛ ልከው፣ መልእክተኞቹም ድጋፉን ዞረው ጎበኙ።

ደርበው ግን አልረኩም። አዳራሹን አዩት። ሕዝቡ ሲዞር ፊቱ የሚያርፍበት ግድግዳ ሻካራ፣ ኖራው የተላጠ ነበር። ጨዋ ሰው ለሌላው ገበና ሲል ዞሮ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ማፍጠጥ የለበትም ብለው ጉባኤውን አሳመኑ። ከሩቅ ተራራ ጥቁር ድንጋይ መጣ። ጠራቢዎቹ ዓመቱን ሙሉ ሲሞርዱትና ሲወለውሉት ከረሙ። የእኛ አገር ጠራቢ ሥራውን ያውቃል። በመልስ ቀን ማለዳ ሽፋኑ ሲገለጥ ድንጋዩ ከወለል እስከ ጣሪያ የረጋ ውሃ መስሎ ነበር። ሹማምንቱ እየቀረቡ ጥምጥማቸውን አስተካከሉበት፣ ጥርሳቸውን አዩበት፣ ደርበውንም እያቀፉ አመሰገኑ። ከዚያ አልፎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

አዳራሹ ጢም አለ። ማንአህሎሽ መድረኩ ላይ ብረት እግር ካለው ጠረጴዛ አጠገብ ቆመች። ለመልስ ቀን ሕጉ ፊት ስለሚጠይቅ ሕዝቡ ወደ እሷ ዞሮ ተቀምጧል፤ ከስንት ጊዜ በኋላ የሰው ፊት ስታይ ትንሽ ተደናገረች። ሊቀ መልስ ተገኘወርቅ ውሃ ያለ ሸክም ከቆላ ወደ ደጋ እንዴት እንደሚወጣ ጠየቋት። መለሰች። ስለ ቧንቧው ተናገረች፣ ስለ መዘውሩ ተናገረች፣ ወንዙ ራሱ በጉልበቱ መዘውሩን እንዴት እንደሚያዞር አስረዳች። ደርበው እንደ ልማዳቸው ጥግ ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ድንጋዩ አድርገው፣ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ጥለው በጆሯቸው ይጠብቋታል። «ውሃ በራሱ ሽቅብ አይወጣም» ስትል ሰሟት። ከዚያ ድምፅዋ ቆመ።

ቃጭሉን መቱ። ሕዝቡ ብድግ ብሎ ዞረ።

ድንጋዩ ውስጥ ማንአህሎሽ ቆማለች። ቀኝ እጇ የቀሚሷን አንገትጌ ይነካካል፣ ይለቃል፣ መልሶ ይነካካል። አፏ ምንም ሳይኖርበት ያላምጣል። ፊቷ ቀስ እያለ ወደ ግራ ዞረ፤ የጠራት ሰው ያለ ይመስል ነበር። ከዚያ ደረቀችና እንደ ቆመች ወደቀች። መንቀጥቀጥ ስትጀምር ጭንቅላቷ የጠረጴዛውን ብረት እግር መታው፤ ደግሞም መታው። ከበሮ መቺዎቹ እጃቸው ከበሮው ላይ ደርቆ ቀርቶ ነበርና ድምፁም ተሰማ።

ደርበው ዓይናቸውን ሊጨፍኑ ፈለጉ፤ እምቢ አላቸው። ድንጋዩ ውስጥ ራሳቸውንም አዩ፤ አፋቸውን ከፍተው፣ ካባቸውን ለብሰው፣ ቃጭላቸውን ይዘው። ከጎናቸው የመምህር ጓንጉል ፊት አለ። ወዲያ የበለጡ ፊት አለ፤ ከንፈሯን ነክሳለች። ሁሉም ያያል፤ ሁሉም ሌላው ማየቱን ያያል። ዓይን ለዓይን እየተጋጩ፣ እየተሸሹ፣ መልሰው እዚያው እያረፉ ቆሙ። ከድንጋዩ እስከ መድረኩ ጥቂት እርምጃ ቢሆን ነው። አንድም ሰው አልተነቃነቀም፤ ዞረው ነበራ።

መንቀጥቀጡ ቆመ። ቀሚሷ ረጥቧል፣ ከቅንድቧ ደም ይወርዳል፣ ትንፋሿ ያንኮራፋል። እንደ ልማዱ ቃጭሉ የሚመታው ነቅታ ቁጭ ስትል ነው። ሕዝቡ ቃጭሉን እየጠበቀ ቆሞ ቀረ። ብዙ ቆይታ ማንአህሎሽ ተንቀሳቀሰች፣ ቁጭ አለች፣ የት እንዳለች ግራ ገብቷት ዙሪያዋን አየች፣ በጠረጴዛው ተደግፋ ተነሣች፤ ደርበው ግን ቃጭሉን አልመቱም። ከፊቷ ጀርባ ብቻ ነው። ከጀርባው ማዶ ግን ጥቁሩ ድንጋይ አለ፤ እዚያ ውስጥ አዳራሽ ሙሉ ፊት እያያት ነው። ዝም ብላ ተመለከተችው። ከዚያ ምላሷ እየተያያዘ፣ ለፊቶቹ ተናገረች።

«ውሃ በራሱ ሽቅብ አይወጣም። ከታች የሚገፋው ይፈልጋል። መልሴ ይህ ነው።»

ያን ጊዜ ቃጭሉ ተመታ። ሕዝቡ ሲመለስ ፊቱን እንደ ወትሮው አስተካክሎ ነበር። ሊቀ መልስ ተገኘወርቅ ጉባኤው ጀርባውን ሰጥቶ ስለነበር መልሱ እንዳልተሰማ፣ በማግስቱም የክብር ሽኝት እንደሚደረግላት ተናገሩ። እሷ ደሟን በእጅጌዋ እየጠረገች «አይታችሁኛል እኮ» አለች።

ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ባዶ መቀመጫ አልነበረም። ዛሬ ግን ከከተማው ሰው አንዱን ብትጠይቁት፣ እሱ እንኳ ያን ዕለት ሌላ ቦታ እንደነበረ ይነግራችኋል። እኔም አልነበርኩም።

ከሰዓት በኋላ ጉባኤው ተሰብስቦ ድንጋዩ ብርድ ስለሚያመጣ በምንጣፍ ይሸፈን ሲል ወሰነ። ብርድ የተሰማው ማን እንደሆነ አልተጠየቀም። ያን የሚያህል ምንጣፍ ግን በአገሩ ታጣ።

ደርበው ቤታቸው ገቡ። ባለቤታቸው እንዴት ዋለ ሲሏቸው ደህና አሉ። ሊታጠቡ ገንዳው ላይ ጎንበስ ሲሉ ውሃው ውስጥ ፊታቸውን አዩና ውሃውን ደፉት። እስከዚያ ቀን ድረስ ሀፍረት የሌላ ሰው ነገር ይመስላቸው ነበር፤ እሳቸው ዞር የሚሉለት፣ አልፎ የሚሄድ። አሁን ወዴት ይዙሩ? እኔ አላየሁም፣ ያሳየኝ ድንጋዩ ነው እያሉ ራሳቸውን ሊያጽናኑ ሞከሩ። ነገሩ በሕግ ሳያስኬድ አይቀርም። የብረቱ ድምፅ ግን ሕግ አያውቅም፤ በተቀመጡበት ሁሉ ይሰማቸው ነበር። አፈሩ። እንደ ሕፃን አፈሩ። ለባለቤታቸው ልናገር ብለው አፋቸውን ቢከፍቱ፣ ሴትዮዋ ገና ፊታቸውን ሲያዩ ጨዋ ናቸውና ወደ ጓዳው ዞሩላቸው።

በማግስቱ ማለዳ ሕዝቡ ለሽኝቱ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። በደጅ ጋሪ ቆሟል። ማንአህሎሽ ጓዟን ቋጥራ መድረኩ ላይ ቆማለች፤ ቅንድቧ አብጧል። አጠገቧ ሐኪም አልጣሽ አሉ። በመልስ ቀን ማዶ ሴት ለማዋለድ ሄደው ስለነበር የሰሙት ሲመለሱ ነው፤ ሰምተውም ሕዝቡን አንድ በአንድ ያየ አለ ወይ እያሉ ሲጠይቁ አነጉ። የማለላቸው እንጂ የነገራቸው አልነበረም። ትምህርት ቤቱ የገዛላት ነጠላ ከሰው ወደ ሰው በጀርባ እየተቀባበለ ደረሳት። የቀረው ቃጭሉ ብቻ ነው። ደርበው ሲመቱ ሕዝቡ ይዞራል፣ እሷም ማንም ሳያያት ትወጣለች።

ደርበው ከመድረኩ ሥር ቆመው ቃጭሉን አነሡ። ድንጋዩን አዩ፤ እሷን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ቃጭሉን ወለሉ ላይ አኖሩት።

«አየሁ» አሉ።

ሊቀ መልስ ተገኘወርቅ የሰሙትን ማመን አቅቷቸው ምን እንዳሉ ጠየቋቸው።

«አየሁ ነው ያልኩት። ስትወድቅ አየሁ፣ ጭንቅላቷ ብረቱን ሲመታ አየሁ። መልሷን ስትጨርስ ዓይኔ ዓይኗ ላይ ነበር።»

አዳራሹ ክው አለ። ሰው በገዛ አፉ እንዲህ ሲያፍር ታይቶ አይታወቅም። ቃጭል የሚመታ ስላልነበረ ሕዝቡ በራሱ ጊዜ ዞረባቸው፤ አንዱ በግራ ተረከዙ፣ አንዱ በቀኙ፣ እርስ በርሱ እየተጋጨ። ደርበው እንዲያ ሆነው እንኳ ተረከዙ መበላሸቱን ልብ አሉ፤ የሥራ ነገር አይለቅም። ድንጋዩ ውስጥ ፊቶቹን ሁሉ አዩ። እሳቸውን ሊያይ የደፈረ ዓይን ግን አላገኙም፤ ሁሉም መሬት መሬት ያይ ነበር።

ሊቀ መልስ ለድንጋዩ ተናገሩ። በሕጉ መሠረት አንድ ፊት ስለሚበቃ መልሱ ተሰምቷል፤ ተማሪዋም አልፋለች፤ የሰማው ግን ስሙ የማይጠራ አንድ ዓይነ ደረቅ መሆኑ ይታወቅ አሉ። ከዚያም ሕዝቡ ደርበውን ላለማየት ወደ ኋላው እየሄደ፣ የሰው እግር እየረገጠ፣ በሩን በመከራ አግኝቶ ወጣ። በለጡም ወጣች። መምህር ጓንጉልም ወጡ።

አዳራሹ ውስጥ ሦስቱ ቀሩ። ሐኪም አልጣሽ ጊዜ አላጠፉም፤ ደርበውን አንዱ ወንበር ላይ አስቀምጠው ጠየቋቸው። ደርበው ያዩትን ከመጀመሪያው ተናገሩ፤ እጇን፣ አንገትጌዋን፣ አፏን፣ ወደ ግራ የዞረውን ፊቷን።

«ቀኝ እጇ መሆኑን እርግጠኛ ነዎት?» አሉ ሐኪሟ።

ደርበው ድንጋዩ ግራና ቀኝ እንደሚያለዋውጥ አስበው ተነሡ፤ ጀርባቸውን ለመድረኩ ሰጥተው በእጃቸው አሳዩ፣ ዞረውም ደግመው አሳዩ። ቀኟ ነበር። ሐኪሟ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ከየት እንደሚነሣ አሁን እንደገባቸው፣ በአንድ ቀን እንደማይድን፣ መድኃኒቱን ግን ከዛሬ እንደሚጀምሩላት ተናገሩ። ማንአህሎሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታዳምጣለች።

«ደግማ ብትወድቅስ?» አሉ ደርበው። «ምን ይደረጋል?»

«አጠገቧ ያለውን ጠንካራ ነገር ያርቁ። ራሷ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርጉ። አፏ ውስጥ ምንም አይክተቱ፣ አይጫኗት። መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኗ ያዙሯት፤ እስክትነቃም አጠገቧ ይቆዩ። አልቆም ካለ ግን ፈጥነው ያስጠሩኝ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ደርበው ካባቸውን ዳሰሱ። ገበሩ ወፍራም ነው፣ ጥልፉም ለስላሳ ነው። ተጣጥፎ ከአንድ ጭንቅላት ሥር ቢገባ አይቆረቁርም ነበር። ያን ሁሉ ዘመን አገር ሲያዞሩ ኖረዋል፤ መዞር የነበረባት ግን አንዲት ልጅ ነበረች፣ በጎኗ። ካባውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከዚያ ወዲህ ለብሰውት የሚያውቅ የለም።

ማንአህሎሽ ወደ እሳቸው ቀረበች። ሐኪሟ ያልጠየቁት አንድ ጥያቄ ነበራት። ከልጅነቷ ጀምሮ የትም ብትወድቅ የነቃችው በጀርባ መሐል ነውና የሚነግራት አግኝታ አታውቅም።

«ሊቀ ጀርባ» አለች፣ ማዕረጉ መቅረቱን እያወቀች፤ «ምን እመስል ነበር?»

ደርበው አሰቡ። ሰው ሁሉ እንዳያየው ዕድሜ ልካቸውን የተሟገቱለት ነገር ምን እንደነበረ መፈለግ ነበረባቸው። ጋኔን አላዩም። አውሬ አላዩም።

«የወደቀ ሰው» አሉ።

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም። የወደቀ ሰው ነው የምትመስዪው።»

ይህን ሲሉ እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ። ሐኪም አልጣሽ የማዶ ሰው ስለሆኑ በእኛ አገር ሽማግሌ ሲያለቅስ ምን እንደሚደረግ አያውቁም። ማንአህሎሽ ታውቃለች። በየትኛው ተረከዝ እንደሚዞር፣ አገጭ የት ላይ እንደሚያርፍ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

አልዞረችም።